የአሰብ ውሃ በፎገራ

...«ባሕር ሄዶ አይቀርም» ብለው አከራዬ የነገሩኝ ጎርፉ በመጣበት ክረምት ነበር ወይስ ከዚያ በፊት? ቃሉ አለ፤ ቀኑ የለም።

አከራዬ እትዬ አልጋነሽ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ከአሰብ ተፈናቅለው የመጡ ሴት ናቸው። ከወረታ ወጣ ብሎ፣ የፎገራ ሜዳ ከሚጀምርበት ቤት ሠሩ። የወደብ ሠራተኛው ባላቸው እዚያው ቀርቷል። «ይመጣል» ይላሉ። ሌላ አይሉም።

በዚያ የነሐሴ ጠዋት የርብ ወንዝ ሞልቶ ገነፈለ። ስነቃ ጫማዬ ክፍሉ መሀል ይንሳፈፋል... ጎረቤታችን ሙላት ታንኳውን አጥራችን ድረስ አምጥቶ ይጮኻል።

«ኧረ ይውጡ እትዬ! ከብቱ እንኳ ወጥቶ አለቀ! ልሸከምዎ እንዴ?»

«አንተ ራስህን ተሸከም» አሉት እየሳቁ። ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። አንድ ዕቃ አላነሱም።

ወደ እኔ ዞሩ። «ትናንት ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች፤ አላየሃትም? ፀሐይና ጨረቃ ባንድ መስመር ሲቆሙ ባሕሩን አብረው ይስቡታል። ባሌ ነው ያስተማረኝ። አሰብ እያለን ባሕሩ ደጃችን ድረስ ይመጣና ምሳ ሳይደርስ ይመለሳል። አንዴም ቀርቶ አያውቅም።»

ደነገጥሁ። ይህንኑ ነው እኔ ክፍል ውስጥ የማስተምረው። አንድም ቃል አልሳቱም...

«እትዬ፣ ያ ባሕር ነው። ይህ ከጉና ተራራ የወረደ ዝናብ ነው። ጨረቃ ጎርፍ አትመልስም።»

በጣታቸው ግድግዳውን አሳዩኝ። ውሃው ቀድሞ ከነካው የጭቃ መስመር ዝቅ ብሏል።

«ይኸው!»

ለአፍታ እኔም አመንሁ። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ሙላት ግን ድምፁ ተለወጠ። «ዝቅ ያለው ማዶ ሜዳው ላይ ሰብሮ ገብቶ ነው። ያ ሲሞላ ብሶበት ይመጣል። ቶሎ በሉ!»

«እስኪ ይቅመሱት» አልኋቸው። «ጨው ካለው እኔም አብሬዎ እቀራለሁ።»

ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ነክረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ።

የነጠላቸው ጫፍ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ላየሁት ነገር አሁንም ስም አላገኘሁለትም።

«እትዬ...» አልኋቸው።

«ጨው የለውም» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። በሩ ውሃውን እየገፋ፣ ቀስ ብሎ ተዘጋ።