ካቦ የሌለበት ፈረቃ

የያዙኝ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። የጠመኔው አቧራ ገና ከእጄ አልለቀቀም ነበር። አቃቂ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። በመምህራን ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር እንደምፈለግ ወሬ ደርሶኝ ስለነበር ብዙም አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት ቃሊቲ ወስደው ከአንድ ክፍል ሲያስገቡኝ ነው። ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ በተቀመጠበት ቤት፣ ጥግ ላይ አንድ ሰው ዙሪያው ባዶ ተትቶለት ብቻውን ተኝቷል።

ቦታ አገኘሁ ብዬ ወደዚያ ስሄድ የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ሽማግሌ እስረኛ ኮቴን ያዙኝ።

"እዚያ አይሆንም ልጄ" አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያ በሽታ ነው ያለበት" ብለው ጨመሩ።

ኤች አይ ቪ አብሮ በመቀመጥ እንደማይተላለፍ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ግን ተመልሼ ከሽማግሌው ጎን ተጠጋሁ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ሰውየው በሠራተኛ ማኅበር ጉዳይ የታሰረ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ምላሱን ነጭ ነገር ሸፍኖት ምግብ መዋጥ ያቅተዋል። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ጎኑ ጠቁሯል። ሲስል ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚጠጣበት ጣሳ ለብቻው ነበር።

በአራተኛው ቀን ሌሎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ እሱ መነሳት አቅቶት ቀረ። እኔም ቀረሁ።

"የባዮሎጂ መምህር ነህ አሉ" አለኝ።

"አዎ።"

"ሐኪሙ 'አለብህ' አለኝ እንጂ ምን እንደሚሠራኝ አልነገረኝም። ውስጤ ገብቶ ምንድን ነው የሚያደርገው?"

ክፍል ውስጥ ሳስተምር በሽታ የሚከላከሉትን የደም ሴሎች ወታደሮች እላቸው ነበር። እዚያ ሆኜ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ።

"ፋብሪካችሁ ውስጥ ካቦ አለ አይደል?" አልኩት።

"አለ እንጂ። ፈረቃውን የሚመራው እሱ ነው።"

"ደምህም እንደዚያ ነው። ከበሽታ ጋር የሚታገሉ ብዙ ሠራተኞች አሉት። ከመካከላቸው ደግሞ 'ጠላት ገብቷል፣ ተነሱ' እያሉ የሚያስተባብሩ ካቦዎች አሉ። ቫይረሱ የሚገባው በተለይ እነሱ ውስጥ ነው። እዚያው የራሱን ዓይነት እያስመረተ ይገድላቸዋል። ሰውነት ለዓመታት ምትክ እያወጣ ይቆያል። በመጨረሻ መተካቱ ያቅተዋል።"

"ሠራተኞቹስ?"

"አሉ። የሚያስተባብራቸው ነው የሌለው።"

"ገባኝ። ማሽኑ አይቆምም። ክሩ ግን ይበጠሳል፣ የሚቀጥለው የለም።" ቀጥሎም "ይህ ሳሌ ወደነዚህ ሰዎች ይሄዳል?" አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። "ቫይረሱ በትንፋሽም በጣሳም አይተላለፍም። ሳሉ ግን የሳንባ ነቀርሳ ከሆነ ይተላለፋል" አልኩት።

እስረኞቹ ሲመለሱ ፍራሹን እየጎተተ መስታወት ወደሌለው መስኮት ሥር ሄደ። በብርዱ ምክንያት ማንም የማይፈልገው ቦታ ነበር። አፉን በፎጣ አሰረ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ለሽማግሌው የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

"እኛ እሱን ስንሸሽ እሱ ለእኛ ያስባል" አሉና ተነስተው ጋቢያቸውን አለበሱት። እኔም ፍራሼን አጠገቡ አነጠፍኩ። በጣሳው ውሃ ስጠጣ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

መድኃኒቱ በነጻ መታደል ያልጀመረበት ጊዜ ነበር። በሳምንቱ ባሰበት። ወደ ሐኪም ቤት ሊወስዱት በነበረበት ጠዋት ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ስትፈታ አቃቂ በሰቃ ወዳለው ቤቴ ሂድልኝ። ባለቤቴ አታውቅም። ትመርመር በላት። ልትጠይቀኝ በመጣች ቁጥር ልነግራት አስብና አፌ አይታዘዘኝም።"

ቃሬዛ ይዘው መጡ። "በእግሬ እወጣለሁ" አላቸው። የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ። ጋቢውን አጣጥፎ ለሽማግሌው መለሰላቸውና ግድግዳውን እየተደገፈ ተራመደ። ሽማግሌው ብድግ አሉ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ተነሳ። በሦስተኛው ቀን ማረፉን ሰማን።

ከሁለት ወር በኋላ ተፈታሁ። የባለቤቱ ቤት ደጃፍ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ። ጥቁር ለብሳ ነበር። መልእክቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

"አውቅ ነበር" አለች። "የምርመራ ወረቀቱን ልብሱ ውስጥ አግኝቼው ተመርምሬያለሁ። እኔም አለብኝ። እንዳያፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ለእሷ መድኃኒቱ ደረሰላት። ዛሬም አልፎ አልፎ አቃቂ ገበያ እንገናኛለን። ባለፈው ቆመን ስንጨዋወት፣ ከሌላ ወሬ መሀል "ማወቄን ብነግረው ኖሮ ይቀለው ነበር መምህር?" አለችኝ።

ዘንቢሏን ተቀብያት እስከ ታክሲው ሸኘኋት።