ከአራስ ልጄ ያራቀኝ ሽፍታ

ልጄ ቢቸና ከተማ የመጀመሪያዋን ስትወልድ ማረስ የኔ ድርሻ ነበር። እናት እያለች ማን ገንፎ ያገንፋላት? እኔ ግን እዚሁ ሞጣ፣ ጨርቅ ሱቄ ውስጥ፣ እጅጌዬን እስከ ጣቴ ስቤ ተቀምጫለሁ። የእጄ አንጓ ላይ ሐምራዊ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚያብለጨልጭ ሽፍታ ወጥቶብኛል፤ ማሳከኩ ወላሂ ያሳብዳል። በዚህ እጅ ጨቅላ ላቅፍ? ሞቼ ነው ቆሜ! ለልጄ ጉንፋን ይዞኛል እያልሁ በስልክ ቀን እገፋለሁ።

ጎረቤቴ ምች ነው ብላ ፈረደች። ፌጦ በሎሚ ለውሳ አመጣችልኝ፤ እኔም የድስት ጥላሸት የማስለቅቅ ይመስል ፈተግሁት። አቤት ማቃጠሉ! ሰንበት ብሎ ሽፍታው በፈተግሁበት መስመር ተሰልፎ ብቅ አለ። ይኸው ተዛመተ ብዬ አለቀስሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልሁ ስንቱን መክሬያለሁ፤ ለራሴ ሲሆን ጠፋኝ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድሁ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ሐኪም አንጓዬን በባትሪ አየ፣ አፌንም አስከፈተኝ። ጉንጬ ውስጥ እንደ ዳንቴል ያለ ነጭ መስመር አለ፤ በርበሬ ሲያቃጥለኝ የከረመው ለካ በሱ ነው። ስሙ ላይከን ፕላነስ ነው አለኝ። የሰውነቴ ዘበኛ ሌባ የያዘ መስሎት የገዛ ቆዳዬን እየደበደበ ነው። ያከኩት፣ የፈተጉት ቦታ ላይ ደግሞ አዲስ ይወጣል፤ የጎረቤቴ ፌጦ ጉድ ሠርቶኛል። ደም አስመረመረኝ፣ በስሱ የሚቀባ ቅባት አዘዘልኝ፣ በርበሬ እንድቀንስ፣ ሲያሳክከኝም እንዳላክክ መከረኝ። ቶሎ እንደማይጠፋም አልደበቀኝም። እውነትም ማሳከኩ ቀድሞ ተወኝ፤ ሽፍታው ከስሞ ጥቁር ምልክት ብቻ የቀረው ግን ከወራት በኋላ ነው።

ያን ቀን እኔ ልሰማ የፈለግሁት ሌላ ነበር። አራስ ልጅ እንዳለችኝ ነገርሁት።

«እናቴ፣ ይሄ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም» አለኝ። «ቅባቱ ሕፃኗን እንዳይነካት ብቻ እጅጌዎን ያውርዱና የልጅ ልጅዎን ይቀፉ።»

እግሩን ብስመው ደስ ባለኝ። በማግስቱ በጠዋቱ መኪና ቢቸና ገባሁ። ልጄ አልጋዋ ላይ ናት። እጅጌዬን ሰብስቤ አንጓዬን አሳየኋትና ጉንፋን እንዳልነበረ፣ ሐኪሙ ያለውንም ነገርኋት። ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ ሕፃኗን አንስታ አሳቀፈችኝ።

«እኔ እኮ ሴት በመሆኗ የከፋሽ መስሎኝ ነበር» አለች።

ወንድ ሲወለድ እልልታው ከሴት ይበዛል፤ ልማዱ ነው። ሕፃኗን እንዳቀፍሁ ከተቀመጥሁበት ተነሣሁና የወንዱን ያህል እልል አልሁላት።