ኢንጂነር ያስባለኝ ፕሪንተር

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ዛሬ ጭሮ በምንላት በአሰበ ተፈሪ ነው። በዕድሜዬ ስንት ዕቃ ጠግኛለሁ፤ ያንን ቀን ግን አልረሳውም፤ ሪዜን ላጣ ነበርና።

ያኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም። የአባቴን ሬዲዮ ፈታትቼ፣ ተገርፌ፣ መልሼ ገጥሜ ነው የተማርኩት። ከመቻራም ከአሰቦትም የተበላሸ ሬዲዮ በጭነት መኪና እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። ሳይድን የተመለሰ አላስታውስም።

አንድ ጠዋት የአንድ እርዳታ ድርጅት ኃላፊ ሱቄ ድረስ መጣ። ከአሜሪካ የመጣላቸው ሌዘር ፕሪንተር አልሠራ ብሏል። እኔ ካልቻልኩ በማግስቱ አዲስ አበባ ሊልኩት ነው። እንዲህ ያለ ማሽን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። «እችላለሁ» አልኩት።

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ኡስማኤል ይህን ሰምቶ ወጣ።

«አቦ! ይሄ እኮ ሬዲዮ አይደለም። ዛሬ ካልሠራኸው ሪዝህን እላጨዋለሁ።»

«ከሠራሁትስ?»

«ከሠራኸውማ በሰው ሁሉ ፊት ኢንጂነር ብዬ እጠራሃለሁ።»

ተጨባበጥን። ሪዜ በከተማው የታወቀ ነበር። ላገባት ያሰብኳት ልጅም መጀመሪያ ያየችው እሱን ይመስለኛል።

ቢሮው ስደርስ ጸሐፊዋ ጽጌ ማሽኑን አበራችው። አረንጓዴ መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ከዚያ ቀጭ ብሎ ጠፋ። ፈታሁት። ፊውዙ ደህና ነው። ኃይል የሚሰጠው ክፍል ላይ የተቃጠለም ያበጠም ነገር የለም። ወደ ማሽኑ የሚገባውን ኤሌክትሪክ በቴስተሬ ለካሁ፤ መቶ አሥር፣ ልክ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ኡስማኤል ምላጩን በፎጣ ጠቅልሎ መጣና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ውሃ ላስሞቅ?» አለኝ። ጽጌ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ላቤን ጠርጌ አሰብኩ። እስካሁን የለካሁት ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሳለ ነው። ገጥሜ አስነሳሁትና የቴስተሩን ቀስት ማየት ጀመርኩ። ማራገቢያው ሲዞር ቀስቱ አልተነቃነቀም። የቀለሙን ዱቄት ወረቀቱ ላይ እንደ ካውያ የሚተኩሰው ማሞቂያ ሲነሳ ግን ቀስቱ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ማሽኑም ጠፋ።

«አልታመመም!» ብዬ ጮህኩ። «ርቦታል!»

ገመዱን ተከትዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የእኛን ሁለት መቶ ሃያ ወደ መቶ አሥር የሚያወርድለት ትራንስፎርመር እዚያ ነበር፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ግን ከቴፕ በላይ የማይሸከም ትንሽ ነገር።

«ይህን ማን አመጣው?»

ቢሮውን የሚያጸዱትና ሻይ የሚያፈሉት አዴ ፋጡማ ከበሩ ላይ መለሱልኝ። «እኔ ነኝ። የፊቱ ዝገታም ነበር፤ ዋላሂ አሳፈረኝ! ማሽኑ እንግዳ አይደል? ከኃላፊው ቴፕ ላይ አዲሱን ነቅዬ ሰጠሁት።»

«ዝገታሙስ?»

«ከቴፑ ጋር ነዋ። ደህና ይዘፍናል።»

ኃላፊው ሳይቀር በሳቅ ፈነዳ። ዝገታሙን ታቅፌ አመጣሁና ቀየርኩት። ማሞቂያው ተነሳ፤ ቀስቱ ከቦታው ብዙም አልተነቃነቀም። ወረቀቱ ትኩስ ሆኖ ወጣ። አዴ ፋጡማ ዝገታሙን ሊያለብሱት ዳንቴል ይዘው ሲመጡ ግን፣ «እባክዎ ይተዉት፤ በሙቀት ይቃጠላል» ብዬ በመከራ ከለከልኳቸው።

ጽጌ ስሜን በላቲን ፊደል ጻፈችና ከፊቱ ኢንጂነር ጨምራ በዚያው ማሽን አተመችልኝ። ኡስማኤል ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ሱቁ ውስጥ ከመስታወቱ በላይ ለጠፈው። ቃሉን በላ እንዳይባል፣ በገበያ ቀን ደጃፉ ላይ ቆሞ መቻራ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጠራኝ።

ልጅቷንም አገባኋት። ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል፤ ሪዜን የሚከረክመው ግን አሁንም ኡስማኤል ነው። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላ ሰው ግን አላስነካም። መቀሱን ሲያነሳ፣ «ኢንጂነር፣ አትነቃነቅ!» ይለኛል። ወረፋ የሚጠብቁት ወጣቶች ቀና ብለው ያዩኛል። ደስ ይለኛል። ማዕረጉ ደግሞም ይገባኛል።