ደህና ነው ያለኝ ማሽን

ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ባለ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የምከታተለው እኔ ነኝ። በየማሽኑ ላይ ከጀርባ ሆኖ ጤንነቱን የሚጠብቅ ፕሮግራም ጭኛለሁ። ፕሮግራሙን የማናግረው ሶኬት በሚሉት የውስጥ በር ነው፤ በሩ ከዚያው ማሽን አያልፍም፤ ፕሮግራሙን ስለ ጎረቤት ማሽን ብትጠይቀው አያውቅም።

አንድ ረፋድ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ የስምሪት ሠራተኛ መጥተው «ልጄ፣ የመውጫ ወረቀት አልታተም አለ፤ ሰርቨሩ ሞቷል መሰለኝ» አሉኝ። ውጭ ሾፌሮች ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ወረቀቱን ወደሚያሳትመው ዋና ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ፣ ጠዋት ከጠረጴዛዬ በከፈትኩት መስመር ፕሮግራሙን ጠየቅሁት፤ ደህና ነኝ አለኝ።

«ሰርቨሩ ደህና ነው፤ እርስዎ አጠቃቀሙን ስላላወቁበት ነው» አልኳቸው፣ ሾፌሮቹ እየሰሙ። ሄደው ሞክረው፣ አሁንም አልታተመም ብለው ተመለሱ። ደግሜ ጠየቅሁ፤ አሁንም ደህና። ይባስ ብዬ ጮኽኩባቸው።

ሰርቨሩ ወዳለበት ክፍል ወሰዱኝ። ማሽኑ ጠፍቶ ቀዝቅዟል። ለካ ወደ እሱ የከፈትኩት መስመር ተቋርጦ፣ ስጠይቅ የቆየሁት ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የራሴን ላፕቶፕ ነው።

አንገቴን ደፍቼ ይህንኑ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ «ታዲያ እኔን ስትቆጣኝ የነበረው ያንተው ደህና ስለሆነ ነው?» አሉኝ።