በሆዱ የማይተኛው ሸማኔ

ማልጄ ከአዲስ አበባ ስነሣ ጉዳዬ አንድ ነበር፤ አባቴን ከዶርዜ አውርጄ አርባ ምንጭ ላይ የኩላሊት ጠጠሩን ማስወጣት። ጠጠሩ አድጎ ኩላሊቱን እየጎዳው ነው ተብሏል። እሱ ግን «ከሞትኩ በኋላ ውሰዱኝ» ብሎ እህቴን አልማዝን አስለቅሷታል።

እምቢ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ በፊት ሌላ ከተማ ለኦፕሬሽን ሄዶ ነበር። ጠጠሩ ከወገብ በላይ በሚከፈት ጠባብ ቀዳዳ ተሰብሮ የሚወጣው በሆድ ተኝተው ነው ተባለ። ዕድሜ ልኩን ሸማ ላይ ጎብጦ የኖረ ሰው እንዴት አድርጎ ይተኛ! ከማደንዘዣው በፊት ሊሞክሩት ቢገለብጡት ትንፋሽ አጠረው፤ ተነሥቶ ልብሱን ለብሶ ወጣ።

ከሶዶ ወዲህ ሙቀቱ በረታ። ጫኖ ላይ ሾፌሩ ቆመልን፤ አንዲት ሴት ማንጎ በፌስታል ይዛ መጣች።

«መቶ ብር።»

«በሰማንያ ስጪኝ።»

«ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ስንት እንደሚሸጥ የማናውቅ መሰለህ?» ብላ ሳቀችብኝ። መቶዬን ከፈልኩ።

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሲሸምን ከርሞ ለመስቀል ሲመለስ እዚሁ ወርዶ ማንጎ ይገዛልን ነበር። ሻንጣው ውስጥ ጥጥ ስለሚጣበቅበት እየነጨን ነበር የምንበላው። ወይ ልጅነት! እሱ መስቀልን አገሩ ሳይውል ቀርቶ አያውቅም፤ እኔ ግን «ዘንድሮ እመጣለሁ» እያልኩ ስንቱን መስቀል አሳለፍኩት።

ዶርዜ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር አድሬ በጠዋት ሚኒባስ ዳገቱን ወጣሁ። አባያ ሐይቅ ከታች ደፍርሶ ይታያል፤ ከፍ ስንል ጭጋግ ሸፈነውና ብርዱ ጃኬት አስፈለገኝ። የቀርከሃው ቤታችን ምስጥ ሥሩን እየበላው ዝቅ ብሏል፤ አባቴም እንደዚያው። አልማዝ ቆጮ በዳጣ አቀረበችልኝ።

«መጣህ? ልታስገለብጠኝ?» አለኝ አባቴ።

«ሐኪሙን ብቻ አነጋግረው፣ አባባ። ካልወደድከው እኔው እመልስሃለሁ።»

«ማልልኝ።»

«ጊዮርጊስን!»

አርባ ምንጭ

ሐኪሙ ራጁን ካየ በኋላ «አባቴ፣ ቤትዎ እንዴት ነው የሚተኙት?» ሲል ጠየቀው። አባቴ በጀርባው ጋደም ብሎ ትራስ ጎኑ ሥር ሸጎጠ።

«በቃ፣ እንደዚሁ ተኝተው በጎንዎ በኩል እንሠራዎታለን።»

ለእኔ ደግሞ አስረዳኝ። በሆድ ሲተኙ ለሐኪሙ ሰፊ መሥሪያ ይሆናል፤ እንደ አባቴ የጎበጠውን ግን ደረቱን ያፍነዋል። በጀርባ ሲሆን ትንፋሹን ለመከታተል ይቀላል። «እኔን ግን ቦታው ይጠበኛል፤ ጠጠሩን ሁሉ ላላገኘው እችላለሁ» አለኝ፣ ሳይደብቅ።

«የሚወጋኝን ሰው ፊት አያለሁ?» አለ አባቴ።

«ያያሉ። የምናደነዝዘው ከደረት በታች ነው፤ ማውራትም ይችላሉ።»

«እንዲያ ከሆነ ይሁን።»

ሲያስገቡት ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው የምለው። ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ ደረቱ ላይ አስተኝቶኝ ያድር ነበር፤ ሲተነፍስ ከፍ ዝቅ እያልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያ ደረት ዛሬ ለራሱ ይበቃው ይሆን? እያልኩ ስቁነጠነጥ ሐኪሙ እየሳቀ ወጣ።

«አባትህ ሽመና ሲያስተምረን ነው የቆየው። ትልቁ ወጥቷል፣ ኩላሊቱም ተርፏል። አንዲት ስባሪ ግን ከላይ በኩል ቀርታለች፤ አታሳስብም፣ ከወራት በኋላ እናያታለን።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝም!

አዲስ አበባ

አባቴ አገግሞ ዶርዜ ካደረስኩት በኋላ ተመለስኩ። እስከዛሬ ግትር ነው ስንለው ኖረን፣ ለካ «እንዴት ይመችሃል?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ቤቴ እንደገባሁ ደወልኩለት።

«በሰላም ገባሁ፣ አባባ።»

«እሰይ፣ ልጄ።»

«ያቺን ስባሪም ቶሎ እናስወጣታለን።»

«ምን አስቸኮለህ? ትቆይ። እሷም ከወጣች አንተ በምን ሰበብ ትመጣለህ?»