ሰብሳቢዋ ያልጻፈችው ኑዛዜ

ጎረቤቴ እማማ ሬሳ አጣቢ ናቸው። በጅማችን ሰፈር፣ በቦሳ አዲስ፣ አንዲት ሙስሊም ሴት ስትሞት ከቀብር ቆፋሪው በፊት የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ጥጥ፣ መቀስና ካፉር የተባለውን የሬሳ ሽቶ የያዘች ከረጢታቸው ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ትንጠለጠላለች። ክፍያ አይቀበሉም። ያዩትንም አይናገሩም፤ የማን ገላ ላይ ምን ጠባሳ እንዳለ የሚያውቁት እሳቸውና አላህ ብቻ ናቸው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እሳቸው ሲያልፉ ትንሽ ጎንበስ የምትለው ለዚህ ይመስለኛል፤ የመጨረሻ ገመናዋን የምትሰጠው ለእሳቸው ነዋ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እኔን አያጥቡኝም። ነገር ግን ፊደል የቆጠርኩት ሌሎች ሴቶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ ነው፤ ደብተሬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ስወጣ ሰፈሩ ሲሳሳቅብኝ እሳቸው ብቻ አልሳቁም። «እንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ቅሪ! መቅራት ዕድሜ የለውም።» መቅራት የሚሉት ማንበብን ነው። ዛሬ ኪቶ ፉርዲሳ በኩል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ውለታቸውን አልረሳሁም። በደልም አልረሳም፤ ተፈጥሮዬ ነው።

ለእማማ ስልክ የሸጠችላቸው የሴቶች አፎሻችን ሰብሳቢ ናት። አፎሻ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የእኛው እስላም ክርስቲያን አይለይም። ሰብሳቢዋ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የስልክ ሱቅ አላት። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታዬን ለሚገባው ሰው አስቀምጫለሁ። አፎሻው ሞትን በጡሩምባ መንገር ትቶ በስልክ ቡድን ማሳወቅ ሲጀምር አሮጊት ሁሉ ከእሷ ሱቅ ስልክ ገዛች። ለእማማ መልእክት መላላኪያውን የከፈተችላቸው ራሷ ናት። የሚመጣውን ጥያቄ አንዱንም ሳታነብ በአውራ ጣቷ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» እያለች ተጫነችው። እማማ ምን እንደተስማሙ እስከ ዛሬ አያውቁም። «ይኸው ዘመናዊ ሆኑ!» ብላ ስልኩን እጃቸው ላይ አስቀመጠች።

እማማ የአማርኛም የእንግሊዝኛም ፊደል አያነቡም፤ የሚቀሩት ቁርኣን ነው። ቁጥር ግን አሳምረው ያነባሉ። ሸቤ በኩል ካለችው ማሳቸው እሸት ቡና አስይዘው ሚዛን ፊት ሲቆሙ የሚያታልላቸው ነጋዴ አልተወለደም።

አንድ ጠዋት አንድ ወንድ ደወለላቸው። በለሰለሰ ኦሮምኛ፣ «አዴ፣ እናቴ፣ የእኔ ቁጥር ተሳስቶ እርስዎ ስልክ ላይ ገብቷል፤ ይመልሱልኝ» አላቸው። ቢያዩ እውነትም በአጭር መልእክት ቁጥር ገብቷል። የእሳቸው እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ከማንም ምንም አልጠየቁማ። እኛ ዘንድ የሰው በግ ግቢ ቢገባ ፀሐይ ሳትጠልቅ ባለቤቱን አፈላልጎ መመለስ ነው፤ ያሳደረ ሰው ከሌባ አይለይም። እማማ ያንን ቁጥር እንደ ጠፋ በግ መለሱት። አንድ በአንድ አነበቡለት፤ እንዳይሳሳት ብለውም ደገሙለት።

«አማና ነው» አሉኝ በኋላ፣ አደራ ማለታቸው ነው። «የሰው ነገር እጄ ላይ ይደር?»

ከቁጥሩ በታች «ይህን ለማንም አይስጡ» የሚል ጽሑፍ አለ። በእንግሊዝኛ። የመልእክት መላላኪያው ኩባንያ እማማ ሸቤ ሲሄዱና ሲመለሱ ያውቃል፤ የወገብ ሕመም መድኃኒት ማስታወቂያ የሚልክላቸው ወገባቸውን ሲያማቸው ነው። በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰሙ ብቻ አያውቅም።

ሰውየው በዚያ ቁጥር የእማማን መልእክት መላላኪያ ከፍቶ ኖሯል፤ ከሰዓት በኋላ በእማማ ስምና ፎቶ ለአፎሻው ቡድን ጽሑፍ መጣ። «ልጄን መኪና ገጭቶት ሆስፒታል ነው፤ ገንዘብ ላኩ፣ ድረሱልኝ» ይላል። እማማ በሕይወታቸው አንድ መስመር ጽፈው አያውቁም፤ የሚልኩት ድምፅ ነው፣ ያውም ሰላምታው ከጉዳዩ የሚረዝም። ያንን ልብ ያለ ሰው የለም። እኔ ሥራ ላይ ስልክ አልከፍትም። አመሻሽ ላይ ቤቴ ስደርስ ሴቶቹ ሁሉ ያላቸውን ልከው፣ ገሚሶቹ ደግሞ ሙዝና ሾርባ ይዘው ሆስፒታሉ በር ላይ ደርሰው ተመልሰዋል።

የአፎሻው ስብሰባ ላይ እማማ ጥግ ተቀምጠው ነገሩን ለማስረዳት ሞከሩ። ሰብሳቢዋ አላስጨረሰቻቸውም።

«በዚህ ዘመን ኮድ ለሰው የሚሰጥ አለ እንዴ? ሕፃን እንኳ አይሰጥም! ወይ ከሌባው ጋር ተካፍለዋል፣ ወይ ጃጅተዋል።»

«ኧረ በአላህ ተይ!» አለች አንዷ።

«ምን ተይ ትይኛለሽ? እንዲህ ያለ እጅ ነው ሙት የሚያጥበው? እኔን ከሆነ አይነካኝም፣ ወላሂ!»

እኔ ነገሩን ቃል በቃል ያዝኩት። እማማ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ወጡ።

በዚያው ሰሞን ሁለት ቤት አልፎ አንዲት ወላድ ሞተች። ሌባው መልእክት መላላኪያቸውን ስለወሰደው እማማ ቡድኑ ውስጥ የሉም፤ የሰሙት በለቅሶው ነው። ከረጢቷን ከሚስማሩ አውርደው ጭናቸው ላይ አድርገው በራፋቸው ላይ ተቀመጡ። አልተጠሩም። ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ሌላ አጣቢ በባጃጅ ሲያመጡ በፊታችን አለፉ። እማማ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አላጡም» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለለቅሶም መውጣት ተዉ። እህል የሚቀምሱት እኔ ስለማመጣ፣ ላለማሳፈር ብለው ነበር።

መጀመሪያ ለኩባንያው ጻፍኩ። አለቃዬ እንኳ የማትጽፈው ዓይነት ንጹሕ ደብዳቤ ነበር። መልሱ ሳልጨርስ መጣ፤ የተዘጋጀ ጽሑፍ ልኮልኝ «ይህ ረድቶዎታል?» ይላል። «አልረዳኝም» የሚለውን ተጫንኩ። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» አለኝና ተዘጋ። ሌላ በር ፈለግኩ፤ በር የለውም። ጅማ ውስጥ የከፋውን ቢሮ አውቃለሁ፤ «አለቃው የሉም፣ ነገ ይምጡ» የሚልሽ ሰው ግን ቢያንስ ፊት አለው፤ ትረግሚዋለሽ። ሌባውንም ፊቱን አላየሁትም። እሱን አጣቢ ይጣ ብዬ ረግሜዋለሁ፤ እርግማኔም ደረቅ ነው።

የቤተ መጻሕፍታችን የኢሜይል ሳጥን ውስጥ በየሳምንቱ ሊሞቱ ያጣጣሩ ባለጸጋ መበለቶች ይጽፉልናል፤ ንብረታቸውን ለእኛ ሊያወርሱ። ድሮ እያነበብኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር፤ ይህን የሚያምን ስግብግብ ብቻ ነው እያልኩ። አሁን ደግሜ ሳነባቸው ሌላ ነገር አየሁ። ሌባ የሚገባው በስግብግብነት በር ብቻ አይደለም። ለእማማ በደግነታቸው ነው የገባው። እያንዳንዱ ሰው ሳይዘጋ የሚተወው አንድ በር አለው።

ሰብሳቢዋም አላት፤ እውነቱን ለመናገር አንዲት ደግነት አለቻት። ሐዘንተኛ አታቆምም። ሱቋ በሰው ተሞልቶ እንኳ «ሞተብኝ» ብሎ የገባ ሰው ቀድሞ ይስተናገዳል። እኔ ልገባ ያሰብኩት በዚያ ነው።

አዲስ ሲም አውጥቼ አሮጌ ስልኬ ውስጥ ከተትኩ። የገበያ ቀን፣ ሱቋ በሚጨናነቅበት ሰዓት፣ በዚያ ስልክ፣ በእሷ ስልክ ቁጥር መልእክት መላላኪያውን ለመክፈት ጠየቅኩ። የመክፈቻው ኮድ ወደ እሷ ሄደ። ወዲያው ደወልኩላት። ዝምተኛ መሆን ይጠቅማል፤ ድምፄን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፣ በኦሮምኛ ደግሞ ጨርሶ።

«እናቴ ሞታለች» አልኳት። እናቴ ሞታለች፤ ሸቤ ከተቀበረች ዓመታት አልፈዋል። «አንድ ቁጥር ጠይቄ እርስዎ ስልክ ላይ ገባ። ያለሱ መልእክት መላክ አልቻልኩም።» ከዚህ ሁሉ አንድም ውሸት የለበትም።

«ኢና ሊላሂ!» አለች። ከኋላዋ ደንበኞች ይንጫጫሉ። «ዝም በሉ እስቲ፣ ሰው ሞቶባታል! ሰብር አድርጊ እኅቴ፣ ቻይው። ቆይ ላንብልሽ።» አነበበችልኝ። «ያዝሽው?»

«ይድገሙልኝ» አልኳት።

ደገመችልኝ። አላህ ያጽናሽ ብላ ዘጋችው።

ገባሁ። መልእክቶቿ ፊቴ ተዘረጉ፤ አንዱንም አልከፈትኩም፣ የሰው ማጀት ማየት አልወድም። የአፎሻውን ቡድን ብቻ ከፍቼ በእሷ ስም ጻፍኩ፦

«እኅቶቼ፣ አፉ በሉኝ። በእማማ ላይ ያልሆነ ነገር ተናግሬያለሁ። የሞትኩ ቀን ከእሳቸው እጅ በቀር የማንም እጅ እንዳያጥበኝ። ይህ ወሲያዬ ነው፤ ኑዛዜ ነውና ማንም እንዳይለውጠው።»

ልኬ ወጣሁ። ሲሙን በመቀስ ቆረጥኩት።

ተመልሳ ገብታ ልታጠፋው ትችል ነበር። ነገር ግን ገበያው ጋብ ብሎ ስልኳን እስክታይ ድረስ ቡድኑ ሌላ ቡድን ሆኗል። «ማሻአላህ!» «አላህ ልብሽን ስላቀናው ይመስገን!» አንዲት አሮጊት በድምፅ አለቀሱላት። ያቺ ስብሰባው ላይ «ኧረ ተይ» ያለቻት ሴት «የእኔም ወሲያ ይኸው ነው» ብላ ጻፈች፤ ሌሎችም ተከተሉ። እንግዲህ ምን ትበል? «እኔ አይደለሁም የጻፍኩት» ብትል፣ «ታዲያ ስልክሽ ውስጥ ማን ገባ? እንዴት ገባ?» ይመጣል። ስልክ ሸጣ የምታድር ሴት፣ ሕፃን እንኳ የማይሰጠውን ሰጠሁ ልትል ነው? ዋጥ አደረገችው። ሲወርድ ጉሮሮዋን እንደቧጠጣት ተስፋ አደርጋለሁ።

ለእማማ ጽሑፉን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «አላህ ልቧን መለሰው» ብለው አለቀሱ። እንዲያ ብለው ይመኑ። እኔ አልተጸጸትኩም።

ብዙም ሳይቆይ ቦሳ አዲስ ውስጥ አንዲት እናት አረፉ። ልጆቻቸው መጀመሪያ ያንኳኩት የእማማን በር ነው። ከረጢታቸውን ይዘው፣ ወገባቸውን ቀና አድርገው ሄዱ፤ እኔም ተከትዬ እንጨት በሚማገድበት ግቢ ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ። ሰብሳቢዋ አየችኝና ክንዴን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝ።

«አንቺ ነሽ።»

«ምኑ?»

«ምኑ ትይኛለሽ? ያንን ድምፅ ሰፈሩን እየዞርኩ ስፈልግ ነው የከረምኩት። በኦሮምኛ ድምፁን ያልሰማሁት ሰው አንቺ ብቻ ነሽ!»

«እኔ የማላውቀው ነገር አለ» አልኳት ቀስ ብዬ። «ቁጥሩን ለማን ነው የሰጡት?»

ሁለት ሴቶች ጆሯቸውን ወደ እኛ አቅንተዋል፤ እሷም አይታቸዋለች። ክንዴን ለቅቃ ወደ ምድጃው ተመለሰች፤ እኔም ተከተልኳት።

ከውስጥ እማማ ተጣሩ። «ቢሻን! ውሃ አምጡ እንጂ! ማነው ያለው?»

ምድጃው አጠገብ ካለን ሰዎች ቅርቧ እሷ ነበረች። ሁሉም ወደ እሷ አየ፤ እንዲያ ብላ የተናዘዘች ሴት ከማን ልታንስ ነው? የወርቅ አምባሯን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሌላ በቅርብ የሚቀበላት ሰው አልነበረም። ለብ ያለውን ውሃ በባልዲ አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

«ጎንበስ ብለው ይግቡ» አልኳት ከኋላዋ፤ «በሩ ዝቅ ያለ ነው።»