ሐኪሙም አይቶት የማያውቀው የእህቴ እጢ

«እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን በሽታ በመጽሐፍ እንጂ በሰው ላይ አይቼው አላውቅም።»

ዛሬ ጠዋት መቱ ላይ ሐኪሙ ለእኔና ለታላቅ እህቴ ለእትዬ አስቴር እንዲህ አለን።

እትዬ አስቴር ጎሬ አስተማሪ ናት። አንገቷ ላይ እጢ ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ «ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል» አላት። (እኛ ጋ ያበጠ ሁሉ ንፍፊት ነው።)

ከዚያ ጤና ጣቢያ «የእጢ ቲቢ ነው» ተብላ ለወራት የቲቢ መድኃኒት ዋጠች። እጢው ግን እያደገ ሄደ።

ከእጢው ተወስዶ አዲስ አበባ የተላከው ናሙና ውጤት ዛሬ ደረሰ፦ ለሰውነት ዘብ ከሚቆሙ ሴሎች የሚነሳ፣ እምብዛም የማይታይ ካንሰር ነው።

«ይድናል ዶክተር?» አልኩ።

«አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ተስፋ አለው። ከተሰራጨ ግን ኬሞ ይሞከራል እንጂ ይሠራል ብዬ ቃል አልገባም።»

«ብብቴ ሥር ያለችውስ?» አለችው እትዬ አስቴር ቀስ ብላ።

ለእኔ እንኳ ነግራኝ አታውቅም።

ሐኪሙ ዳሰሳት፤ እጁን ቶሎ አላነሳም። «ነገውኑ አዲስ አበባ ሂዱ» አለን።

በማለዳው አውቶብስ እንሄዳለን። እንዲህ ያለ በሽታ ቤታችሁ ገብቶ የሚያውቅ ካላችሁ ጻፉልን። እሷም ኮመንቱን ታነባለችና፣ የዳነ ሰው የምታውቁ እባካችሁ ቅደሙ።